የትሪያትሎን ብስክሌት ምርጫ፦ ልክ ይቅደም፣ ፍሬም ይከተል

ለመጀመሪያ ጊዜ የትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር) ብስክሌት ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ነፋስን በዋናነት የሚጋፈጠው ፍሬሙ፣ ማለትም የብስክሌቱ አጽም፣ ሳይሆን የጋላቢው ገላ ነው፤ ከጠቅላላው የነፋስ ተቃውሞ ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠው ድርሻ የሰውነት ነው። ስለዚህ በውድ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ወገቡን ባመመው ቁጥር ቀና ከሚል ሰው ይልቅ፣ በመካከለኛ ብስክሌት ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሳይነቃነቅ መቆየት የቻለ ሰው አስቀድሞ ይደርሳል።

ይህን የምጽፈው ስህተቱን ራሴ ስለፈጸምሁት ነው። የመጀመሪያውን ብስክሌቴን የገዛሁት ቁመቴን በሻጩ ሠንጠረዥ ላይ ፈልጌ፣ ከትይዩው የተጻፈውን ቁጥር አምኜ ነበር። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፋሁ፣ በመሪው ላይ ያለውን የክርን ማሳረፊያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ፤ እንዲያም ሆኖ አንገቴ ከአንድ ሰዓት በላይ አልቻለውም። ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ብስክሌቱን በኪሳራ ሸጥሁት። ፍሬሙ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ የእኔ ልክ አልነበረም እንጂ።

ልዩነቱ ከምን ይመጣል

በመንገድ ብስክሌት ላይ ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ከመሬት ጋር ከ72 እስከ 74 ዲግሪ የሚሆን ማዕዘን ይሠራል። በትሪያትሎን ብስክሌት ላይ ግን ማዕዘኑ ከ76 እስከ 80 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም ማለት ጋላቢው ከፔዳሎቹ በላይ ወደ ፊት ቀርቦ ይቀመጣል ማለት ነው። ወደ ፊት መቅረቡ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው ክርኑን ዝቅ ባለ ማሳረፊያ ላይ ጥሎ ጀርባውን ሲያጋድም፣ ኮርቻው ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ጭኑ ወደ ሆዱ ይጠጋና ዳሌው ይታጠፋል፤ ትንፋሽም ጉልበትም ይጠፋል። መላው አካል በፔዳሉ ማዕከል (ፔዳሎቹ በሚዞሩበት ነጥብ) ዙሪያ ወደ ፊት ሲሽከረከር ግን ጀርባው ዝቅ ብሎም ዳሌው ክፍት ይሆናል።

ክርን የሚያርፍበት መሪ፣ በተለምዶ ኤሮባር የሚባለው፣ በትሪያትሎን ሰዎች ዘንድ ከተለመደ በኋላ ወደ ታላላቅ የመንገድ ውድድሮች የገባ ዕቃ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ በነበረው የ24.5 ኪሎ ሜትር የግል ሰዓት ውድድር (እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት) የተነሣው ከፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን 50 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ በኤሮባር ጎንበስ ብሎ ነድቶ መላውን ውድድር በ8 ሰከንድ አሸነፈ። ፊኞን ያለ ኤሮባር ነበር የነዳው። ልዩነቱን ያመጣው ዕቃው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ የሰውነት አቀማመጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የተጠራጠረ ጥቂት ነው።

ነፋስን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል። በሰዓት ከ30 ወደ 33 ኪሎ ሜትር ከፍ ለማለት፣ ማለትም ፍጥነትን በ10 በመቶ ለመጨመር፣ ለነፋሱ ብቻ የሚወጣው ኃይል በ33 በመቶ ማደግ አለበት። እግርን በ33 በመቶ ማጠንከር የዓመታት ሥራ ነው፤ ክርንና ጀርባን ማስተካከል ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዋጋ በፊት የሚታዩ መመዘኛዎች

የመጀመሪያው የውድድሩ ደንብ ነው። እንደ ኦሎምፒክ ባሉ፣ ከፊት ያለውን ተጠግቶ በነፋስ ከለላው ውስጥ መንዳት በሚፈቀድባቸው ውድድሮች የሚገባው የመንገድ ብስክሌት ነው። በአንጻሩ 90 ወይም 180 ኪሎ ሜትር በሚነዳባቸው ረጅም ውድድሮች፣ እንዲሁም አማተሮች በየዕድሜ ክልላቸው በሚሳተፉባቸው በአብዛኞቹ አጫጭር ውድድሮች መጠጋት ክልክል ነው፤ ሁሉም ነፋሱን ለብቻው ይጋፈጣል። የትሪያትሎን ብስክሌት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው። ልጃቸውን በወጣቶች ቡድን ያስመዘገቡ ወላጆች ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት አሠልጣኙን ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ልክ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። በፍሬም ላይ የተጻፈው 52 ወይም 54 የሚል ቁጥር፣ ወይም «መካከለኛ» የሚል መጠሪያ፣ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ትርጉሙን ይቀይራል። የማይለወጡት ሁለት መለኪያዎች ናቸው፦ ከፔዳል ማዕከሉ እስከ ፍሬሙ የፊት ቱቦ አናት ያለው ቁመት፣ እና በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ወደ ፊት ያለው አግድም ርቀት። በትሪያትሎን ብስክሌት ላይ ደግሞ ከእነዚህም ይልቅ ወሳኙ የክርን ማሳረፊያው የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ከፔዳል ማዕከሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚልና ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚሄድ ማለት ነው። አምራቾች ለእያንዳንዱ መጠን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ልክ በሠንጠረዥ ያወጣሉ። ለምሳሌ ያህል የእርስዎ ክርን ማረፍ ያለበት ከማዕከሉ 64 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። አንዱ ብስክሌት ከ58 እስከ 67 የሚፈቅድ፣ ሌላው ደግሞ ከ53 እስከ 62 የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ቢቀርብም ለእርስዎ አማራጭ አይደለም። ልብስ ሰፊ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም፤ እዚህም ሥራው ያው ነው።

ሦስተኛው የሚነዱበት መንገድ ነው። በዱባይ አል ቁድራ በረሃ ውስጥ እንዳለው ለጥ ያለ የብስክሌት መንገድ የሚለማመድ ሰው ጠቅላላ ትኩረቱን በነፋስ ላይ ቢያደርግ አይሳሳትም። በእስራኤል የሚካሄደው የኢላት ረጅም ውድድር ደግሞ ገና ሲጀመር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ተራራ ስለሚያስወጣ ቀላል ማርሽና አስተማማኝ ፍሬን ይፈልጋል። ክብደት ግን ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም፤ ሰውና ብስክሌት አብረው 80 ኪሎ ቢመዝኑ አንድ ኪሎ መቀነስ 1.25 በመቶ ብቻ ነው፤ ጥቅሙም የሚታየው በዳገት ላይ እንጂ በሜዳ አይደለም። ከፍታን በተመለከተ ለአገር ቤት አንባቢ የሚጠቅም ነጥብ አለ። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ እዚያ የተለካ ፍጥነት በባሕር ዳርቻ ውድድር ላይ በተመሳሳይ ጉልበት አይደገምም።

አራተኛው ጥገናና ጉዞ ነው። የፍሬን ገመዱ፣ መሪውና የኮርቻው ምሶሶ ሁሉ ለአንድ ፍሬም ብቻ የተሠሩበት ብስክሌት ሲሰበር መለዋወጫው ከዚያው አምራች ብቻ ይመጣል። በአውሮፕላን ለመጓዝ መሪውን መፍታት ግማሽ ቀን የሚወስድባቸው ብስክሌቶችም አሉ።

አምስተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። የብስክሌቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የልክ ባለሙያው ክፍያ፣ ኮርቻ፣ የነፋስ ቅርጽ ያለው ሄልሜት፣ ፔዳልና ጫማ አብረው መቆጠር አለባቸው።

አንደኛ አማራጭ፦ የመንገድ ብስክሌት ላይ ኤሮባር መግጠም

ኤሮባሩ ከ100 እስከ 250 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ከነባሩ መሪ ጋር በብሩጎላ ቁልፍ ይታሰራል። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ስፖርቱ ይስማማው እንደሆነ ገና የማያውቅ ሰው ብዙ ሳያወጣ ይፈትነዋል፣ ያው ብስክሌትም ለቡድን ሥልጠና ያገለግለዋል።

ሆኖም ኤሮባሩን ብቻ ገጥሞ ሌላውን እንደነበረ መተው የተለመደ ስህተት ነው። የመንገድ ብስክሌት ኮርቻ ወደ ኋላ ስለተቀመጠ ክርን ወደ ፊት ሲዘረጋ ሰውነቱ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ኮርቻውን ወደ ፊት መግፋት፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ኋላ ያልታጠፈ ቀጥ ያለ የኮርቻ ምሶሶ መግጠምና መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን አንገት ማሳጠር ያስፈልጋል። ይህ ሲደረግ ክብደት ወደ ፊት ጎማ ስለሚያደላ ብስክሌቱ በቁልቁለት ላይ ትንሽ ይቅበጠበጣል፤ በተጨማሪም የማርሽ መቀየሪያው ፍሬኑ ዘንድ ስለሚቀር ማርሽ ለመቀየር በተፈለገ ቁጥር እጅን ማንሣት የግድ ይሆናል። እስከ 40 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ውድድር ይህ ጉድለት አይጎዳም። በ180 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ድካሙ ይከማቻል።

ሁለተኛ አማራጭ፦ ያገለገለ የትሪያትሎን ብስክሌት

ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ባለው ገንዘብ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣም ውድ የነበረ ብስክሌት ማግኘት ይቻላል። ብዙ ሰዎች ለአንድ ትልቅ ውድድር ገዝተው ከዚያ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ስለሚያስቀምጡት ገበያው ሰፊ ነው። በዋጋና በጥቅም ሚዛን ሲታይ ልኩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚሻል አላየሁም፤ ልኩን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለም፤ ያገለገለ ዕቃ አይመለስምና።

ሲመረመር መጀመሪያ የሚታየው ካርቦኑ ነው። በፔዳል ማዕከሉ ዙሪያ፣ በኮርቻው ምሶሶ ማሰሪያና በፊት ሹካው ላይ ስንጥቅ ወይም የተቀባ ጠባሳ ካለ መተው ይሻላል። ቀጥሎ በመሪው ላይ የተጠቀለለውን መያዣ ፈትቶ ማየት ይገባል፤ ብስክሌቱ ቤት ውስጥ ባለ ማለማመጃ ላይ ለዓመታት የተነዳ ከሆነ ላብ እየወረደ ብሎኖቹንና ከአሉሚኒየም የተሠራውን መሪ ከሥሩ ይበላዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ይህን እንድፈታ ፍቀዱልኝ ሲባል የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመ ጉዳዩን እዚያው መዝጋት ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ የቀድሞ ዓይነት መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ለመጠገን እንዲያውም ይቀላል። ነገር ግን ወደፊት ሌላ ቸርኬ ለመግዛት ሲታሰብ በገበያው ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ለዲስክ ፍሬን (በቸርኬው መሃል ያለውን ሳህን ለሚጨብጠው) የተሠራው ብቻ እየሆነ መሄዱን ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛ አማራጭ፦ አዲስ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው

ከ2,500 እስከ 5,000 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ያሉት ብስክሌቶች በአብዛኛው የካርቦን ፍሬም፣ ተራ ቸርኬና በቀላሉ የሚስተካከል መሪ አላቸው። ትልቁ ጥቅማቸው ይኸው የመሪው መስተካከል ነው፦ ማሳረፊያው ከፍና ዝቅ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ጠበብና ሰፋ ይላል፤ ዕቃውም ከየትም መደብር ሊተካ ይችላል። ሰውነቱ ገና እየተለማመደ ያለ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከፍ ብሎ፣ በሦስተኛው ዓመት ዝቅ ብሎ መንዳት ሊፈልግ ስለሚችል ይህ ነፃነት ከነፋስ ቅርጽ ይበልጣል። የማርሹ ጉዳይ ሁለተኛ ቢሆንም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማርሽ እዚህ ከመንገድ ብስክሌት ይልቅ ይጠቅማል፤ በኤሮባሩ ጫፍም በዋናው መሪም ላይ መቀየሪያ ስለሚኖር በዳገት ላይ ቆሞ ሲነዳ እጅን ወደ ፊት መመለስ አያስፈልግም።

አራተኛ አማራጭ፦ ሁሉም ነገር የተዋሐደበት ውድ ብስክሌት

ከ8,000 ዶላር ተነሥቶ ከ15,000 ሊያልፍ ይችላል። ውኃው፣ ምግቡና መጠገኛው በፍሬሙ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ገመድ ከውጭ አይታይም። የመንገድ ብስክሌት ውድድርን የሚመራው ዓለም አቀፍ ማኅበር በፍሬም ቅርጽና በኮርቻ አቀማመጥ ላይ የጣለው ገደብ ትሪያትሎንን ስለማያስር፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በግል ሰዓት ውድድር ላይ ሊገቡ የማይችሉ ቅርጾች ናቸው። ሁለቱንም ስፖርት የሚወድ ሰው ይህን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ። ፍጥነታቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚያተርፉት ጊዜ የሚገኘው አቀማመጡ አስቀድሞ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው። ልኩ ያልተስተካከለ ሰው ይህን ሲገዛ የሚገዛው ስህተቱን በውድ ዋጋ ነው።

| መመዘኛ | የመንገድ ብስክሌትና ኤሮባር | ያገለገለ | አዲስ መካከለኛ | የተዋሐደ ውድ |
|---|---|---|---|---|
| ግምታዊ ዋጋ በዶላር | 100–250 (ብስክሌቱ ካለ) | 1,000–2,000 | 2,500–5,000 | 8,000–15,000 እና በላይ |
| መጠጋት በተፈቀደበት ውድድር | ኤሮባሩ ተፈትቶ ይገባል | አይገባም | አይገባም | አይገባም |
| ልክን የማስተካከል ስፋት | መካከለኛ | እንደ ሞዴሉ | ሰፊ | ብዙ ጊዜ ጠባብ |
| ዳገትና ጠመዝማዛ መንገድ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ለጥ ያለ ረጅም መንገድ | በቂ | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ጥገናና ጉዞ | ቀላል | ቀላል፣ መለዋወጫው እየቀነሰ የሚሄድ | ቀላል | አስቸጋሪ |

ለማን የትኛው

በዓመት አንድ ወይም ሁለት አጭር ውድድር ለሚሞክር ሰው የመጀመሪያው አማራጭ ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለውኃ ዋና አሠልጣኝ ቢከፍል ብዙ ደቂቃ ያተርፋል። ለ90 ኪሎ ሜትር ውድድር የተመዘገበና በጀቱ ከ2,000 ዶላር የማያልፍ ሰው፣ መጀመሪያ ከ200 እስከ 500 ዶላር ከፍሎ በልክ ባለሙያ ይለካ፤ ከዚያ የክርኑን ከፍታና ርቀት በወረቀት ይዞ ያገለገለ ብስክሌት ይፈልግ። ሙሉውን 180 ኪሎ ሜትር በየዓመቱ የሚነዳ ሰው ሦስተኛውን ቢመርጥ አይጸጸትም። አራተኛው የሚገባው አቀማመጡ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይለወጥ ለቆየ፣ የሰለጠነ መካኒክ በአቅራቢያው ላለው ሰው ነው። ብስክሌቱን ወደ ኢትዮጵያ ይዞ ለመግባት የሚያስብ ሰው ደግሞ አራተኛውን ይተው፤ የቱንም ቢይዝ የኋላ ማርሹ የሚንጠለጠልበትን ትንሽ ብረት ሁለት መለዋወጫ ይያዝ፤ ይህች ብረት በእያንዳንዱ ፍሬም የተለየች ናት፤ ስትታጠፍ ጉዞው ያበቃል።

ቁመታቸው ከ160 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሌላ ችግር አለባቸው። በትንሽ ፍሬም ላይ ትልቅ ጎማ ሲገጠም ጫማው በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማውን ይነካል፣ መሪውም ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ትንሹን መጠን በአነስተኛ ጎማ የሚሠሩ አምራቾችን መፈለግ ይኖርባቸዋል።

ከተገዛ በኋላ፦ ልክ ማስያዝ

በባለሙያ መለካት ከተቻለ ይመረጣል። ካልተቻለ በማለማመጃ ላይ አስሮ፣ ስልክን በዳሌ ከፍታ በጎን አቁሞ እየቀረጹ መሥራት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ከኮርቻ ይጀምራል፤ መሪውን አስቀድሞ የነካ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ለኮርቻ ከፍታ መነሻ የሚሆነው የእግር ውስጣዊ ርዝመት በ0.883 ተባዝቶ ነው፤ 82 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፔዳል ማዕከሉ እስከ ኮርቻው ላይኛ ገጽ 72.4 ይመጣል። ከዚያ በቪዲዮው ላይ እግር ታች ሲደርስ ጉልበቱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ያህል ታጥፎ መታየት አለበት። ዳሌ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ኮርቻው ከፍ ብሏል። ቀጥሎ ኮርቻው ወደ ፊት ይገፋል፤ እየነዱ ሳያውቁት ወደ ኮርቻው አፍንጫ የሚንሸራተቱ ከሆነ ገና ወደ ፊት ይፈልጋል፣ ወይም ክርኑ ርቆበታል። ኮርቻው ራሱ አፍንጫው ለሁለት የተከፈለ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ጎንበስ ሲባል ክብደት የሚያርፈው በፊተኛው አጥንት ላይ ስለሆነ የመደንዘዝ ስሜት ከመጣ በትዕግሥት የሚታለፍ አይደለም፤ ኮርቻው መለወጥ አለበት።

የፔዳሉ ክንድ ርዝመት ብዙ ሰው የማይነካው ነገር ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከቸርኬ በፊት የሚቀየር እሱ ነው። ከ172.5 ወደ 165 ሚሊ ሜትር ሲወረድ ልዩነቱ 7.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኮርቻውም በዚያው ልክ ከፍ ስለሚል፣ ፔዳሉ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከኮርቻው ያለው ርቀት በ15 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በጭንና በሆድ መካከልም ተጨማሪ ቦታ ይከፈታል። ዳሌያቸው ግትር ለሆነ ሰዎች ይህ ብቻውን ጀርባን ዝቅ ለማድረግ ያስችላል።

መሪው የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የላይኛው ክንድ ከጀርባ ጋር ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ወይም ትንሽ የሰፋ ማዕዘን ሲሠራ ክብደቱን አጥንት ይሸከመዋል፤ ክርኑ ሲርቅ ግን ትከሻና አንገት ይሸከሙታል። የማሳረፊያው ከፍታ የሚወሰነው በመስተዋት ፊት በሚያምረው ሳይሆን በሚቻለው ነው፤ በውድድር ጉልበት 30 ደቂቃ ነድተው አንድም ጊዜ ቀና ካላሉ በ5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉ፣ ሳምንት ይቆዩ፣ እንደገና ይሞክሩ። ቀና ማለት ከጀመሩ ወደ ቀደመው ይመለሱ። የኤሮባሩን የእጅ ዘንጎች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ላይ ማቃናት ትከሻን ያሳርፋል፣ ጭንቅላትንም ከእጅ ጀርባ ለማስገባት ይረዳል።

ጥልቅ ቸርኬ፣ ማለትም ጠርዙ ወደ መሃል የሰፋ፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ከጨረሰ በኋላ ያስብ፤ ለአብዛኛው ሰው ከፊት ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። የጎን ነፋስ በሚበረታባት ኮና፣ ሃዋይ፣ በሚካሄደው ረጅም ውድድር ዲስክ የሚባለው ሙሉ በሙሉ የተደፈነ የኋላ ቸርኬ ለብዙ ዓመታት ክልክል ሆኖ መቆየቱን ማስታወስ ጥሩ ነው። ጎማው 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው ከቀጭኑ ይልቅ ይመቻል፣ በሸካራ አስፋልት ላይም አይዘገይም።

ልኩ ሲገኝ የኮርቻውን ከፍታ፣ ከማዕከሉ ያለውን ርቀት፣ የክርኑን ከፍታና ርቀት በሚሊ ሜትር መዝግበው በስልክዎ ያስቀምጡ፤ በኮርቻው ምሶሶ ላይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ብስክሌቱ ለአውሮፕላን ጉዞ ሲፈታ መልሶ የሚገጠመው በዚህ ምልክት ነው፤ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም መነካት የለበትም።